ለአርንት የተለቀቀ ቦታ

ሎኮያ በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ካለች ወዲህ አስላውግን ወንበር አልያዛት አለ። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ትልና ቡናው ሳይቀዳላት ትነሳለች። ወደ ላይ ትወጣና ገና ብርዱ ፊቷን ሳይነካው ትመለሳለች። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ግራ ዳሌዋ በብረት የተተካ ነው፤ መርከቧ ደግሞ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ምግብ አብሳዩ ወድቃ ትሰበርብኛለች ብሎ እጁን ዘርግቶ ሲከተላት ዋለ፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው።

ደሴቱ ይህን ያህል ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው። የድሮ አዳኞች ስም ሲያወጡለት ብዙ አልተጨነቁም፤ ድስት ላይ የተደፋ ክዳን ቢመስላቸው ሎኮያ አሉት፣ ክዳን ደሴት። ካርታ ላይ እንኳ ነጭ ሆኖ የተተወ ነው። ድንጋይ የሚታየው በደቡብ ጫፉ ወደ ባሕር በወጣች አንዲት የጠጠር ምላስ ላይ ብቻ ነው። ሰው አይኖርበትም። የኖርዌይ ነው፤ ኖርዌይም በረዶው ሲፈቅድላት በበጋ አንዴ መርከብ ልካ አለህ ወይ ብላው ትመለሳለች። የቀረውን ዓመት የድብ ነው። ሕጉ ግን አይቀልድም፤ ከዚያ ደሴት ጠጠር ማንሳት፣ የክብሪት እንጨት ጥሎ መሄድ ክልክል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሰው እጅ የነካው ነገርማ፣ የዛገ ሚስማርም ቢሆን፣ እንደ ታቦት የሚፈራ ነው፤ ዝር የሚልበት የለም።

በዚያች የጠጠር ምላስ ላይ የተቀበረው የአስላውግ አባት ነው።

አርንት ይባል ነበር። ከሰሜን ኖርዌይ ከተማ ከትሮምሶ ተነስቶ ነጭ ድብ ሊያድን ከጓደኛው ከሂልማር ጋር ሎኮያ ላይ ሊከርም ሲሄድ አስላውግ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። በበጋው መርከቡ ይዞ የተመለሰው ሂልማርን ብቻ ነው። ሂልማር ለእናቷ ለኦሊና ኩሽና ውስጥ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ አርንት በጨለማው ወራት ታሞ አልጋው ላይ አረፈ አላት። ባሕር ከተፋው ግንድ ሳጥን ሠራሁለት፣ ድንጋይ ከመርኩበት አላት። የመርከቡ አለቃ ራሱ ወርዶ መቃብሩን አይቷል፤ ለቄሱም መስክሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሂልማር ኦሊናን አገባ።

አስላውግን ያሳደገው እሱ ነው። ጫማዋን ያበጀው፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሰርጓ ላይ ክንዷን ይዞ የገባው እሱ ነው። እሷ ግን አንድም ቀን አባቴ ብላው አታውቅም። ገና በልጅነቷ «አባቴን ጥሎት መጥቶ እናቴን ወሰደ» የሚል ሐሳብ ልቧ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የገባ ነገር ደግሞ ከእሷ ልብ አይወጣም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ይህንኑ ፊቱ ላይ ተናገረችው። ሂልማር የያዘውን ጫማ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው፣ በመዶሻው መምታቱንም ቀጠለ። ሆድ ይፍጀው ያለ ሰው ነበር፣ ያኔ ግን ማን ያውቃል።

ሂልማር ከኦሊና ጎን ተቀበረ። ይሁንና በትሮምሶ መቃብር የዘላለም ርስት አይደለም፤ ዘመኑ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ ይቆይልን የሚል ከጠፋ ድንጋዩ ይነሳና ቦታው ይለቀቃል። አስላውግን ጠየቋት። ይነሳ አለች። ድንጋዩንስ ትወስጂዋለሽ ቢሏት እንደፈለጋችሁ አድርጉት ብላ ስልኩን ዘጋች። በሕይወት እያለ አርባ ዓመት ከእናቷ ጎን ተኝቷል፣ ይበቃዋል፤ ቦታው የአርንት ነው። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፏ ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ለጎረቤቶቿ ሁሉ ተናግራለች፣ ማንም ደፍሮ ክፉ ሠራሽ ያላት የለም።

የቀራት አርንትን ማምጣት ብቻ ነበር። ባለፈው በጋ የመጣ ፎቶግራፍ ባሕሩ የጠጠሯን ምላስ እየበላ ከመቃብሩ ሥር እንደ ደረሰ ሲያሳይ፣ አጽሙ ወጥቶ ይሰጠኝ ብላ ሎኮያንና ጎረቤት ደሴቶቿን ለሚመራው አስተዳደር አመለከተች። መልሱ አጭር ነበር፦ ባለበት ይቆይ፤ ባሕሩ ከወሰደው ባሕሩ ይውሰደው። ለመሰናበት ግን ከመርከቧ ጋር መሄድ ትችያለሽ አሏት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች በልቧ፣ በአፏ ግን አመስግና ተሳፈረች። ካፖርትዋ ውስጥ የእናቷን የትራስ ልብስ አጣጥፋ ይዛለች። ሁሉንም ባይሆን የራስ ቅሉን ሰርቃ ልትመለስ ነው። ከዚህ ሐሳብ ጋር ሆኖ ማን ይቀመጣል?

ያንን መልስ የጻፈችው ልጅ እዚያው መርከብ ላይ ነበረች። ሲግሪ ትባላለች፤ ሥራዋ የድሮ ቅርሶችን መጠበቅ ነው። አስላውግ ክፉ ሰው ጠብቃ የነበረ ሲሆን ያገኘችው ግን አፍንጫዋ በብርድ የቀላ፣ ሰው ሲናደድባት ዓይኗ እንባ የሚያቀርር ወጣት ሆነ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ጨካኝ ሰው ላይ መጨከን ይቀላል።

የመርከቧ አለቃ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ከዞረ በረዶው ይዘጋብናል፣ ጡሩንባ የሰማ ሁሉ እየሮጠ ይመለስ ብሎ አስጠነቀቀ። የላስቲክ ጀልባው ላይ የወረዱት ሦስት ናቸው፤ አስላውግ፣ ሲግሪ፣ ሦስተኛው ጠመንጃ አንግቶ ከድብ የሚጠብቃቸው ኦድሙንድ ነው። ኦድሙንድ የሰንያ ደሴት ሰው ነው፤ ስልሳን የተጠጋ፣ ቦርጫም፣ ቀልድ ካልተናገረ ትንፋሽ የሚያጥረው ዓይነት።

«እማማ፣ ድብ ከመጣ አይፍሩ፤» አላት ጀልባውን እያስነሳ። «እርስዎን ቢያኝክ ጥርሱ ነው የሚወልቀው።»

«አንተንማ ከበላ በስብ ታንቆ ይሞታል፤» አለችው። «ያኔ እኔ በሰላም እመለሳለሁ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ጠጠሩ ላይ ነበር። አርንትና ሂልማር የከረሙባት ጎጆ ፍርስራሽ ይታያል፣ አራት ግንድ ብቻ ቀርቷታል። ከሷ ወዲህ፣ ልክ በባሕሩ አፋፍ፣ የድንጋይ ክምር አለ። ከክምሩ ሥር አንድ የግራጫ ሳጥን ጫፍ ወጥቶ ወደ ባሕሩ ተንጠልጥሏል። ሕይወቷን ሙሉ ስታስበው የኖረችው ቦታ ከአንድ ጋሪ ማቆሚያ አይበልጥም። ይሄው ነው? አለች።

ሲግሪ መቃብሩን ዙሪያውን ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ አንዲትም ድንጋይ አልነካችም። ከዚያ አስላውግን አየቻትና ለስንብት ብቻዋን ልተዋት ብላ ይመስላል፣ ጎጆዋን ልለካ ብላ ራቀች። ኦድሙንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ የበረዶውን ዳር ይቃኛል። አስላውግ በሕይወቷ እንዲህ የተመቸ ሌብነት ገጥሟት አያውቅም።

በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ብረቱ ዳሌ ተቃወመ፣ አልሰማችውም። የሳጥኑ የጎን ሳንቃ ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ተቀልብሷል። ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ እጇን አስገባች። መጀመሪያ የነካችው ሱፍ ነው፤ እርጥብ፣ ወፍራም፣ በደንብ የተሠራ ሹራብ። እናቷ የሠራችለት ነው፤ በሹራቡ ነው የቀበርኩት ብሎ ሂልማር እንደነገራት እናቷ ብዙ ጊዜ አውርታላታለች። እጇን ወደ ደረቱ ላከች። ከሱፉ ሥር ያለው ጠንካራ፣ ከባድ፣ ክብ ነገር ነው። የጎድን አጥንት እንዲህ አይደለም። ወደ ላይ ዳበሰች፤ እዚያም ያው ነው። ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ራሱን ፈለገች። የሱፍ ቆብ አገኘች፣ ቆቡ ውስጥ ያለውን ያዘች፣ ባላት ኃይል ጎትታ ወደ ብርሃን አወጣችው።

ድንጋይ ነበር። የባሕር ድንጋይ፣ ለስላሳ፣ የሰው ራስ የሚያክል፣ ቆብ የደፋ።

ቆቡን አወለቀችው፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ሳንቃውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፣ ተገነጠለ። ሳጥኑ ውስጥ አጥንት የሚባል የለም። ሹራብ የለበሱ ድንጋዮች ናቸው፤ ትልልቆቹ ከደረቱ፣ ረዘም ያሉት እንደ እግር ሱሪው ውስጥ ተደርድረው፣ እጅጌዎቹ ደረቱ ላይ ተጣምረው። ማንም ሳጥኑን ይዞ ቢያነሳው ሰው አለበት ነው የሚለው።

«እማማ አስላውግ፤» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መጣ።

ሲግሪ ናት። ካሜራዋን እንደያዘች ቆማለች። አስላውግ ከጉልበቷ አልተነሳችም፤ የትራስ ልብሱ ከካፖርትዋ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ተዘርግቷል፣ ለምን እንደመጣ ደግሞ ሞኝም ያውቃል። ሲግሪ እሱን አየች፣ የተገነጠለውን ሳንቃ አየች፣ ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየች፤ የምትቆጣውም ጠፋባት። ኦድሙንድን ጠራችው። ኦድሙንድ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

አስላውግ ተቆጥታ ነበር። ሂልማር እንዲህ አታለለን አለች፤ ኋላ ያገባትን እናቴን፣ ቄሱን፣ አገሩን ሁሉ። የት ጥሎት ነው? ምን አድርጎት ነው? ይህን ያህል ዘመን ልክ ነበርኩ አለች። ድምፅዋ ከነፋሱ በላይ ወጣ። ሲግሪ ክንዷን ልትይዛት ሞከረች፣ አስለቀቀቻት።

ኦድሙንድ ግን ጠመንጃውን ጠጠሩ ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«የኔ አክስት ባሏን ባሕር ወሰደባት፤» አለ። «ሬሳው አልተገኘም። ሬሳ ከሌለ ደግሞ ለሕግ አልሞተም። ሚስትም አይደለች፣ ባሏ የሞተባትም አይደለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየተነሳች ስትከፍት አረጀች። ይሄ ሰው እንደሷ ያለችውን ሴት የሚያውቃት ይመስለኛል፤ እናትዎ እንደዚያ እንዳይቀሩ ብሎ ነው።»

አስላውግ መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች። ያኔ ነው የሂልማር እንቅልፍ ትዝ ያላት። ልጅ እያለች በግድግዳው በኩል ትሰማው ነበር፤ ጨለማው ወራት ሲገባ ሂልማር በእንቅልፉ ይጮኻል፤ «እጅህን! እጅህን ስጠኝ!» ይላል። እናቷ ቀስ ብላ ትቀሰቅሰዋለች። አስላውግ የሥራ ቅዠት ይመስላት ነበር፤ ጠዋት ላይ በጩኸቱ ትቀልድበት ነበር እንኳ። አልጋው ላይ ታሞ የሚሞት ሰው እጅህን ስጠኝ አይባልም፤ በረዶ ተሰብሮበት የሚሰጥም ሰው ነው የሚባለው። ደግሞም ያ ሰው ከሎኮያ ከተመለሰ በኋላ በረዶ የያዘ ውሃ ላይ እግሩን አሳርፎ አያውቅም፤ አዳኝነቱን ትቶ ጫማ ሰፊ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። ሰነፍ ነው ብላ ነበር የዘጋችው።

ጨለማ ውስጥ፣ ብቻውን፣ ማንም በሌለበት ደሴት ላይ፣ ድንጋይ እየመረጠ የጓደኛውን ልብስ ሲያለብስ ታያት። ክብ ድንጋይ ፈልጎ ሲያገኝ፣ ቆቡን ሲያደርግለት። ለመርከቡ አለቃ ዓይን ብቻ ቢሆን ክዳኑ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ እጅጌ ማጣመር ምን ያደርግለታል?

«ለራሱም ብሎ ይሆናል፤» አለች ሲግሪ በዝግታ። «እናትዎን አግብቷልና።»

«ለራሱም ቢሆን፤» አለች አስላውግ። ቁጣዋ ወደመጣበት ተመልሶ ነበር፣ በቦታው የቀረው ደግሞ ከቁጣው ይከብዳል።

ነፋሱ ዞረ። ከመርከቧ ጡሩንባው ጮኸ፤ ከዳር የተሰበረው በረዶ ቁራሽ ቁራሽ እያለ ወደ ጠጠሯ ምላስ መጠጋት ጀመረ። ኦድሙንድ ተነስቶ ጠመንጃውን አነገተ። ሲግሪ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ካሜራዋን እያየች ነው። ልጅቷ ምን እያሰበች እንደሆነ ለአስላውግ ገባት።

«ልትጽፊው ነው?» አለቻት። እጇን ያዘቻት፣ ያን ሁሉ መንገድ ሰላም እንኳ ያላለቻትን ልጅ። «ሂልማር ዋሸ ብለሽ ልትጽፊው ነው? እኔ ልሰርቅ ነው የመጣሁት፤ እኔን ጻፊኝ። እሱን ተይልኝ።»

ሲግሪ ፊቷ ቀላ። ውሸት የማትችል ልጅ እንደሆነች ከሩቅ ይታወቃል፣ ስለዚህም ውሸት ያልሆነውን ስትፈልግ ጥቂት ቆየች።

«መቃብር መክፈት ለኔም ክልክል ነው፤» አለች በመጨረሻ። «እዚህ የመጡት ሁሉ ስላልከፈቱት ነው እስከ ዛሬ የቆየው። እኔም አልከፈትኩም። ባሕር የሰነጠቀው መቃብር አየሁ፣ ከውጭ ለካሁ። ያልከፈትኩት ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

አስላውግ ቆቡን ለድንጋዩ መልሳ አደረገችለት። ጠርዙን ሲግሪ አስተካከለችላት። ኦድሙንድ ሳንቃውን በቦታው ገጥሞ በተረከዙ መታው። የትራስ ልብሱን አስላውግ ባዶውን አጣጥፋ ካፖርትዋ ውስጥ ከተተችው። ጡሩንባው ደገመ። ወደ ጀልባው የገቡት እየተጎተቱ ነው፤ ኦድሙንድ አሮጊቷን እንደ ጆንያ ተሸክሟት፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከር።

መርከቧ ላይ ሲደርሱ ምግብ አብሳዩ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ በጃም አቀረበላቸው። ሲግሪ ሁለት በላች። አስላውግ ግን እንደገና መዞር ጀምራ ነበር፤ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ። ሎኮያ ከኋላ ወደ ጭጋጉ ተመልሳ እየገባች ነው፤ ዞር ብላም አላየቻትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ተረት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ የት ገባች የሚል ግን የለም።

ኦድሙንድ ይቺ ሴት እንዲህ እንደሆነች ትሮምሶ ልትደርስ ነው ብሎ አዘነ። ማጽናናት ፈለገ፤ ማጽናናት ደግሞ እንደ ቀልዱ አይሳካለትም።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፤» አላት። «እንዲያው አባትዎ ባይገኙም፣ ሂልማር ደግ ሰው ነበር። እሱ መቼም ከእናትዎ ጎን አርፏል አይደል?»

አስላውግ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ነበር፤» አለች።

«ነበር?» አለ ኦድሙንድ። «የተቀበረ ሰው ደግሞ ነበር ይባላል?»

«ጊዜው ሲያልቅ ጠየቁኝ። አስነሱት አልኳቸው። ለአርንት ቦታ ይለቀቅ ብዬ።»

ሲግሪ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ድንጋዩን ምን ያደርጉታል?» አለች አስላውግ። ፊቷን ወደ እነሱ አላዞረችም። «ስሙ የተጻፈበትን። ቤተሰብ ያልፈለገውን ድንጋይ የት ነው የሚያደርጉት? እንደፈለጋችሁ ነበር ያልኳቸው።»

ኦድሙንድ ያውቅ ነበር፤ የሚስቱ ወንድም ትሮምሶ ማዘጋጃ ቤት ነው የሚሠራው። አላውቅም ሊል አሰበ። ነገር ግን ዛሬ ከዚያ ጠጠር ላይ ከተመለሱ ወዲህ ውሸት ከበደው።

«ይፈጩታል፤» አለ። «ለመንገድ ጠጠር ነው የሚሆነው።»

አስላውግ ቀስ ብላ ዞረች።

«የትኛው መንገድ?» አለችው።

ኦድሙንድ አያውቅም ነበር።

«ጠይቅልኝ፤» አለችው። «አሁን ደውልና ጠይቅልኝ። የትኛው መንገድ ላይ?»